ብዙ ስም የወጣለት ቁስል



ሰሞኑን መርሳ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም ጠጋ ብሎ፣ «መጋቢ፣ ጌታ የሚፈውስ ከሆነ ላቦራቶሪ ሄዶ መመርመር እምነት ማነስ አይሆንም ወይ?» አለኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሐብሩ ገጠር ቀበሌዎችም ባገለገልሁባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁት አላስታውስም። ዘንድሮ ግን ከጥያቄው ጀርባ አንዲት እህት ስላለች፣ መልሱን በችኮላ ቆሜ ከምሰጥ ተቀምጬ ልጻፈው አልሁ። ስሟንና ቀበሌዋን አልጠቅስም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም «ይጻፉት አባቴ፣ ሌላዋም ትስማ» ያለችኝ እርሷ ናት።

ሕመሟ የጀመረው ከመንጋጋዋ በታች በወጣ እብጠት ነው። አያማትም፣ አያተኩሳትም ነበር። ከወራት በኋላ እብጠቱ ለሰለሰ፣ ቆዳው ጠቆረ፣ ከዚያም ፈንድቶ መግል ያዘ። አንዱ ጠባሳ ሆኖ ሲዘጋ ሌላው በአጠገቡ ይከፈታል። እንዲህ እያለ ወደ ደረቷ ወረደ። በጉባኤያችን አንገቷን በነጠላ ሸፍና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥና ቡራኬው ሳይደርስ ትወጣለች። ሰው ሲሳሳም ተራው እንዳይደርሳት ነው።

ሁለት ዓመት ያህል ቁስሉ መድኃኒት እንጂ ስም አላጣም። አንገት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ «እንቅርት ነው» ተባለ። ሲፈነዳ «ቁንጭር ነው» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቁምጥና እንዳይሆን» አለች፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ የተነገረ ነገር ደግሞ በመንደር ፈጥኖ ነው የሚዳረሰው። የባሏ ዘመዶች «ዘር ላይ ያለ ነገር ነው» ብለው ደመደሙ። ከራሳችን የጸሎት ቡድንም «መንፈስ ነው» ያለ አልጠፋም። ከእነዚህ ሁሉ የጎዳት «ዘር» የሚለው ነው። ለታላቋ ልጇ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች በዚያው ዝም አሉ። በቤትም የምትበላበት ሳሕን ተለየ።

እርሷም አልተቀመጠችም። ጠበል ተጠመቀች፣ ዱዓ ተደረገላት፣ በእኛም ዘንድ ሽማግሌዎች ዘይት ቀብተው ጸለዩላት። ወሎ ነውና ነገሩ፣ አጎቷ ሼህ፣ አክስቷ መነኩሲት፣ እርሷ ጴንጤ ናት፤ ሁሉም በየበኩሉ ለምኖላታል። አንድ የግል ክሊኒክም ወራት ሙሉ ቅባት እየቀያየረ ሸጠላት።

ነገሩን ያስጀመረችው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች። ነጠላውን አስገልጣ አየችና «አብሽሪ እቴ፣ ይኼ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት አለው፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አለቻት። እህታችን ያን ሌሊት ስታለቅስ አደረች። ለምን ቢባል፣ በእኛ ቋንቋ ነቀርሳ ሁለት ነገር ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢን ነው፤ የጡት ነቀርሳ ስንል ደግሞ ካንሰርን። እርሷ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። አንድ ቃል በሁለት መንገድ ሲሰማ ምን እንደሚያመጣ የእኛ አገር ሰው ማወቅ አለበት፤ ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ የምታልፉባት ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ያህል ምስክር አላት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቲቢ እላለሁ፤ እናንተም ለታመመ ሰው ስትነግሩ እንደዚያው በሉ።

ቲቢ የሳንባ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን ከቲቢ ሕሙማን አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በሽታው ያለባቸው ከሳንባ ውጪ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ብዙውን ጊዜ የሚያዘው የአንገት እጢ ነው። ቆዳ ላይ የሚወጣው ጥቂት ነው። ከሳንባ ውጪ ካለው ቲቢ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ጥቂት በመሆኑም ሐኪሙም ታማሚውም መጀመሪያ አያስቡትም። ከላይ ሲያዩት ቁንጭር ይመስላል፣ ሥጋ ደዌም ይመስላል፣ ተራ ቁስልም ይመስላል። በደሴ አጠገብ ያለውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የወሎ ሰው ሁሉ በሥጋ ደዌ ሕክምና ያውቀዋል፤ ቁንጭርና ሌላ የቆዳ ሕመም ያለበትም ወደዚያ ይጎርፋል። (ነገረ መለኮት የተማረ ሰው ግን ቦሩ ሜዳ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ያደረጉት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ያን ለሌላ ቀን እንተወው።)

ኮሌጅ ሳለሁ የብሉይ ኪዳን መምህራችን ዘሌዋውያን 13ን ሲያስተምሩ ግማሹ ክፍል ያንቀላፋ ነበር። ጠጉሩ ነጣ አልነጣ፣ ከቆዳው ጠለቀ አልጠለቀ፣ ሰባት ቀን ተዘጋበት፣ እንደገና ታየ። ማን ይሰብክበታል? አሁን በዚህች እህት ምክንያት ምዕራፉን ደጋግሜ ሳነብበው ግን ካህኑ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማያደርግም አየሁ። አይገምትም። የመንደሩን ወሬ አይጠይቅም። የአባቷን የእናቷን ዘር አይቆጥርም። ያያል። ካልለየለት ሰባት ቀን ይጠብቅና ዳግመኛ ያያል፤ አሁንም ካልለየለት ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ርኩስ ነው ለማለትም ንጹሕ ነው ለማለትም መቸኮል አልተፈቀደለትም።

ደግሞም በዕብራይስጡ ጻራዓት የሚባለው ቃል ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው ብቻ እንዳይደለ ምዕራፉ ራሱ ይናገራል፤ ልብስ ላይም፣ በምዕራፍ 14 ደግሞ የቤት ግድግዳ ላይም ይወጣል። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ ብሎ ተረጎመው። የዛሬ ሰው ደግሞ ለምጽ ሲል ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፈውን ነጭ የቆዳ ምልክት ማለቱ ነው። ሰባኪዎች «ለምጻም» እያልን ስንጮህ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ምን እንደምትሰማ እናስብ።

ዘር የሚለውንም ነገር ልመልስ። የመንደራችን ሰው ብቻውን አልተሳሳተም። በአዲስ አበባ በአለርት ግቢ ያለው የምርምር ተቋም ስሙን የወሰደበት ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እስኪያገኝ ድረስ፣ በአውሮፓ ታላላቅ ሐኪሞች ራሳቸው በሽታው በዘር ይወርዳል ይሉ ነበር። በ1882 ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ አሳየ። ሁለቱ ባክቴሪያዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በመድኃኒት ይድናሉ። መድኃኒቱ ሳይገኝ በፊት የፊት ቆዳ ቲቢን በብርሃን ለማከም የደከመው ዴንማርካዊ ኒልስ ፊንሰን በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በቆዳ ቲቢ ፊቱ የተበላ ሰው በዚያ ዘመን ኮፐንሃገንም ውስጥ ከሰው ተደብቆ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ወደ እህታችን ልመለስ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት፤ እኔና ወንድሟ አብረናት ሄድን። አክታ ተብላ አክታ የላትም፣ አትስልምና። እንደምንም ያወጣችው በማይክሮስኮፕ ታየ፣ ምንም የለም። የደረት ራጅ ተነሣች፣ ንጹሕ ነው። ወጣቱ ሐኪም ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው ምርመራ ላከው። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ፦ አልተገኘም።

በዚያ ቀን ማታ ስልኬ አላረፈም። «አላልንም? በሽታ አይደለም፣ መንፈስ ነው» አለ አንዱ። ሌላው «ጌታ ፈውሷታል፣ ወረቀቱ መሰከረ» አለ። ቁስሉ ግን እንደተከፈተ ነበር።

ሐኪሙ ያለንን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ጂን ኤክስፐርት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ባለሙያው ናሙናውን ከሚያሟሟ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ከዚያ ካርትሪጅ በምትባል የፕላስቲክ ዕቃ ጨምሮ መሣሪያው ውስጥ ይከታታል። የቀረውን መሣሪያው ነው የሚሠራው። ባክቴሪያውን በድምፅ ሞገድ ይሰባብረዋል፤ ከውስጡ የቲቢ ብቻ የሆነውን የዘረመል ቁራጭ ፈልጎ እያሞቀና እያቀዘቀዘ ያባዛዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ፣ እርሾ ሊጡን እንደሚያነሣው ማለት ነው። ሲበዛ ብርሃን ይሰጣል፣ መሣሪያው ያን ብርሃን ያነብባል። ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ቲቢ አለ ወይ? ካለስ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት ይቋቋማል ወይ? በዱሮው መንገድ ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ እንደ አውሮፓ በ2010 ተቀብሎ አጸደቀው፤ አልትራ የተባለው የተሻሻለው ዓይነት በ2017 ቀጠለ።

በማይክሮስኮፕ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ ቢያንስ አምስት ሺህ፣ አሥር ሺህ ባክቴሪያ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጂን ኤክስፐርት 130 ገደማ ይበቃዋል፣ አልትራው 16 ገደማ። እንዲህ ዓይናማ ከሆነ የእህታችንን ለምን አላየም? ምክንያቱም መሣሪያው የተሠራው በዋናነት ለአክታ ነው። በቆዳ ቁስል ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ቁስሉን የሚያሰፋው አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያው ብዛት ሳይሆን የሰውነት ትግል ነው። የተቆረጠችው የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሥጋ ባክቴሪያው የሌለባት ጥግ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አልተገኘም» የሚለው ቃል በዚህች ቁራጭ ውስጥ አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። የለም አላለም። እኛ ግን «የለም» ብለን አነበብነው፤ ከዚያ አልፈን ሁለት ዓይነት ነገረ መለኮት ሠራንበት።

ሐኪሙ የዘሌዋውያንን ካህን ሆነ። አልዘጋውም። ከሳምንት በኋላ ቀጥሯት፣ ከቁስሉ አጠገብ ገና ካልፈነዳው እጢ ውስጥ በመርፌ ትንሽ መግል መጠጠ፤ ከቁስሉም ሁለተኛ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሥጋውን ለሚያነብ ባለሙያ ላከ። የመርፌው ናሙና በዚያው መሣሪያ አለፈ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ሆነን ጠበቅን። መብራት አንድ ጊዜ ሄደና ልቤ ወደቀ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። (በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በዞናችን ስንት የጤና ተቋም ባዶውን እንደቀረ ያየን ሰዎች፣ የሚሠራ መሣሪያና የሚነሣ ጄኔሬተር ማግኘትን እንደ ተራ ነገር አንቆጥረውም።) ወረቀቱ መጣ። ቲቢ ተገኝቷል፤ ሪፋምፒሲንን የሚቋቋም ምልክት አልተገኘም።

የአንገቷ እጢ ቲቢ ነበረና ፈንድቶ ወደ ቆዳዋ የወጣ ነው። እንቅርት አይደለም፣ ቁንጭር አይደለም፣ ሥጋ ደዌም አይደለም። ሐኪሙ ሲነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ራሷ አልነበረም። «ለልጄ ይተርፋል ወይ?» አለች። «በዘር አይወርድም። በሳሕንም፣ በመሳሳምም አይመጣም። የሚተላለፈው ሳንባው የታመመ ሰው ሲስል በአየር ነው» አላት። ቀጥሎም ቤተሰቡ ሁሉ እንዲመረመር አዘዘ። ሲመረመሩ፣ ብርድ ነው እየተባለ ለወራት ሲስሉ የኖሩት የባሏ አባት አክታቸው በዚያው መሣሪያ ቲቢ ተገኘበት። እርሳቸውም ሕክምና ጀመሩ፤ ለሕፃናቱም መከላከያው ተሰጠ። አንዲት ሴት በሳሕን በተለየችበት ቤት ውስጥ በአየር የሚተላለፈው ከሌላ ሰው ሳንባ ይወጣ ነበር።

እንግዲህ ወጣቱ ወንድም ወደ ጠየቀኝ ልምጣ። ማርቆስ 1 ላይ ጌታ ለምጻሙን ዳሰሰው፣ ያን ጊዜውንም ነጻ። እኛ ብንሆን እዚያው መድረክ ላይ እናወጣውና ማይክ እንሰጠው ነበር። ጌታ ግን ለማንም እንዳይናገር ከልክሎ፣ ራሱን ለካህን እንዲያሳይና ሙሴ ያዘዘውን እንዲያቀርብ ሰደደው። ሉቃስ 17 ላይ ያሉትን አሥሩንም እንዲሁ ወደ ካህናት ላካቸው፤ እንዲያውም እነዚያ የነጹት ወደ ምርመራ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ነው። የፈወሰው ራሱ ወደ መርማሪው ከላከ፣ መርማሪው የእምነት ጠላት የሚሆነው በየትኛው ምዕራፍ ነው? ምርመራውን የሚፈራው እግዚአብሔር አይደለም። የሚፈራው «ተፈውሷል» ብሎ የቸኮለ አገልጋይ ነው።

ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። «መድኃኒቱን ጣሉት» እየተባሉ ከየጉባኤው የሚወጡ ሰዎችን ቀብሬያለሁ። በዚህ ነገር ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ተፈትኗል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አይጣሉም፣ ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ሲናገሩ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል ብዬ አምናለሁ። ከእኛ ወገን እንዲህ በግልጽ የሚናገር ድምፅ ሊበዛ ይገባል። ያዕቆብ 5 ዘይት ቀብታችሁ ጸልዩ ይላል፤ እንቀባለን፣ እንጸልያለን። ኢሳይያስም ለሕዝቅያስ ቃል ከእግዚአብሔር አምጥቶ ሲያበቃ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አስደርጓል፤ 2ኛ ነገሥት 20ን አንብቡ።

የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ስድስት ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት። ሪፋምፒሲኑ ሽንትን ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደም መስሎት ይደነግጣልና ንገሩት። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር ሲሻለው ያቆማል፤ መድኃኒት የሚቋቋም ቲቢ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የእህታችን ቁስል በሦስተኛው ወር መድረቅ ጀመረ። አሁን አምስተኛ ወሯ ላይ ናት። በቅርቡ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ በጎ አሳቢ ሰው ናቸው፣ «መጋቢ፣ በዚያው መሣሪያ ትመርመርና 'የለም' የሚለውን ወረቀት ይዛ እሑድ ትመስክር» አሉኝ። ሐኪሙን በስልክ ጠየቅሁት። ሳቀና፣ መሣሪያው የሚያየው ዘረመል ነው፣ ሕያዉንና የሞተዉን ባክቴሪያ አይለይም፤ ድና ሳለ ወራት ሙሉ «ተገኝቷል» ሊል ይችላል አለኝ። በሽታውን ለመያዝ እንጂ መዳኑን ለመመስከር አልተሠራም። መዳኗ የሚታየው ቁስሉ ሲዘጋ፣ እጢው ሲሟሽሽ፣ ኪሎዋ ሲጨምርና ስድስቱ ወር ሲያልቅ ነው። ይህን ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ትንሽ ቅር አላቸው፤ ወረቀት ለምስክርነት ያምራላ።

በቤት አሁን ከሁሉም ጋር ትበላለች። የልጅቷ ጉዳይ ገና ነው፤ የላኩት ሽማግሌዎች ሰላምታ ጀምረዋል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የባሏ አባት መድኃኒታቸውን የሚወስዱት እርሷ እያስታወሰቻቸው ነው። ምስክርነቷን መድኃኒቷን ከጨረሰች በኋላ ወዳለው የመጀመሪያ እሑድ አስተላልፈነዋል፤ እስከዚያው በየሳምንቱ ጸሎት እንጸልይላታለን፣ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበትን ቀን ደግሞ አንዲት እህት ከእርሷ ጋር ትሄዳለች። የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አላት።